የደጃችን ምርጫ

ብዙ ጊዜ የምጽፈው ስለ አገር ቤት ፖለቲካ ነው፤ አንባቢዎቼም ከእኔ የሚጠብቁት ይህንኑ እንደሆነ አውቃለሁ። ዛሬ ግን ብዕሬን ወደምኖርበት ከተማ፣ ወደ ሎስ አንጀለስ ማዞር ፈልጌአለሁ። እኛ የዚህ ከተማ ኢትዮጵያውያን ቡና ላይ ስንቀመጥ አዲስ አበባ ውስጥ ማን እንደተሾመ፣ ማን እንደተሻረ፣ የትኛው ፓርቲ ለስንት እንደተሰነጠቀ እስከ እኩለ ሌሊት እንተነትናለን። የዋሽንግተኑንም ሽኩቻ ቢሆን እንደ እግር ኳስ ጨዋታ እንከታተለዋለን። ወህኒ ቤቱን የሚያስተዳድረውን ሸሪፍ፣ ክስ የሚመሠርተውን ዐቃቤ ሕግ፣ የቤታችንን ዋጋ ለግብር የሚተምነውን ሹም የምንሾመውና የምንሽረው ግን እኛው ራሳችን ነን። ከመካከላችን ስማቸውን የሚያውቅ ስንት ሰው ይገኛል?

(ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር፣ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ አንድ ነገር እንለይ። "ሎስ አንጀለስ" ስንል ሁለት መንግሥታትን በአንድ ስም እየጠራን ነው። አንደኛው የሎስ አንጀለስ ከተማ ነው፤ ከንቲባ፣ 15 አባላት ያሉት ምክር ቤት፣ የራሱ ፖሊስ፣ የራሱ አየር ማረፊያና ወደብ አለው። ሁለተኛው የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ነው። በውስጡ 88 ከተሞች ይገኛሉ፤ የሎስ አንጀለስ ከተማ ከእነዚህ ከ88ቱ አንዷ ናት። ካውንቲው ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ይኖርበታል፤ ይህም ከአሜሪካ ግዛቶች ከአብዛኞቹ ሕዝብ ይበልጣል። በየትኛውም ከተማ ሥር ሳይካለሉ የሚኖሩ ወደ አንድ ሚሊዮን ሰዎችም አሉ፤ እነርሱ ከንቲባም የከተማ ምክር ቤትም የላቸውም፤ መንግሥታቸው ካውንቲው ብቻ ነው።

የሥራ ክፍፍሉም እንዲሁ ግራ ያጋባል። ቆሻሻ ማንሳት፣ የመንገድ ጥገና፣ የግንባታ ፈቃድ የከተማው ነው። የሕዝብ ሆስፒታሎች፣ የአእምሮ ጤና አገልግሎት፣ ወህኒ ቤቶች፣ አሳዳጊ ያጡ ሕፃናት ጉዳይ፣ የምርጫው አስፈጻሚነት ጭምር የካውንቲው ነው። በ2023 በተደረገው ቆጠራ በካውንቲው ውስጥ ቤት አልባ ሆነው የተገኙት ከ75 ሺህ በላይ ነበሩ፤ ከእነርሱም ከ46 ሺህ የሚበልጡት በከተማው ክልል ውስጥ። በድልድይ ሥር ድንኳን ተክሎ የተኛው ሰው የተኛበት አስፋልት የከተማው ሲሆን፣ የሚያስፈልገው የአእምሮ ሐኪም ደግሞ የካውንቲው ነው። ሁለቱ ባለሥልጣኖች ጣት ሲጠቋቆሙ ለዓመታት የኖሩት በዚህ ክፍተት ነው። የትኛውን መጠየቅ እንዳለበት የማያውቅ መራጭ ማንንም መጠየቅ አይችልም።

አሁን ወደ ድምፅ መስጫ ወረቀቱ እንምጣ። ከ2020 ወዲህ በካሊፎርኒያ ለተመዘገበ መራጭ ሁሉ ወረቀቱ በፖስታ ቤቱ ድረስ ሲላክ ቆይቷል። የኅዳር 2024ቱን ስከፍት ከፕሬዚዳንቱ ምርጫ በታች የሴኔቱ፣ የኮንግረሱ፣ የግዛቱ ምክር ቤቶች እጩዎች ተዘርዝረዋል፤ ቀጥለው የካሊፎርኒያ 10 የሕዝበ ውሳኔ ጥያቄዎች፤ ከዚያም የካውንቲው ዐቃቤ ሕግ፣ የዳኞች ውድድር፣ የካውንቲውና የከተማው የቻርተር ማሻሻያዎች። በጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። ችግሩ ርዝመቱ ብቻ አይደለም። በካሊፎርኒያ የከተማና የካውንቲ ምርጫ ላይ ከእጩው ስም አጠገብ የፓርቲ ስም አይጻፍም። ይህ ሕግ ከ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የተሐድሶ ዘመን የተወረሰ ነው፤ ዓላማውም የፓርቲ አለቆችን ከከተማ ጓዳ ማስወጣት ነበር። ዓላማው መልካም ነው። ውጤቱ ግን ያልተዘጋጀውን መራጭ በጨለማ መተው ሆነ። ስሙን ሰምቶት የማያውቀው ሁለት ሰው ከፊቱ ሲቀርብለት፣ የፓርቲ ምልክት እንኳ ከሌለው፣ ወይ ይገምታል፣ ወይ ባዶውን ያልፈዋል።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ለካውንቲውም ሆነ ለከተማው ሥልጣን በመጀመሪያው ዙር ከ50 በመቶ በላይ ድምፅ ያገኘ እጩ እዚያው አሸነፈ፤ ሁለተኛ ዙር የለም። ስለዚህ ብዙዎቻችን "ዋናው ምርጫ ኅዳር ነው" ብለን ስንጠብቅ፣ የአንዳንዱ ወንበር ጉዳይ ገና በመጀመሪያው ዙር፣ ጥቂት ሰው ድምፅ በሰጠበት ቀን ተዘግቶ ያድራል።

የካውንቲውን ሥልጣን የያዘው የሱፐርቫይዘሮች ቦርድ የሚባለው ነው። የቦርዱ ታሪክ ራሱ ትምህርት ይሆነናል። ቦርዱ በ1852 በአምስት አባላት ተቋቋመ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በተደረገው ቆጠራ የካውንቲው ነዋሪ 3,530 ብቻ ነበር። ሕዝቡ ወደ 10 ሚሊዮን ሲደርስም የቦርዱ አባላት እዚያው አምስት ላይ ቀሩ። አንድ ሱፐርቫይዘር ሁለት ሚሊዮን ያህል ሰው ይወክላል ማለት ነው፤ ከአሥር የሚበልጡ የአሜሪካ ግዛቶች እያንዳንዳቸው ይህን ያህል ሕዝብ የላቸውም። አምስቱ ሕግ ያወጣሉ፤ አምስቱ ያስፈጽማሉ፤ ወደ 49 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ዓመታዊ በጀትም (የ2024–25ቱ) በእነርሱ እጅ አለፈ። የአገሩ ሰው "አምስቱ ትንንሽ ነገሥታት" እያለ ሲጠራቸው የኖረው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ነገሥታት ደግሞ ወሰናቸውን ራሳቸው ማካለል ይወዳሉ። የካውንቲው የላቲኖ ሕዝብ ሲሶውን አልፎ ሳለ በቦርዱ ላይ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ አንድም ተመራጭ አልነበረውም። በ1990 የፌዴራል ፍርድ ቤት የምርጫ ክልሎቹ የላቲኖውን ድምፅ ሆን ብለው ለመበታተን የተሠሩ ናቸው ሲል ፈረደ። ክልሎቹ እንደገና ተካለሉ፤ በ1991ም ግሎሪያ ሞሊና ተመረጠች። በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ላቲና እርሷ ናት። በ2020 ደግሞ አምስቱም ወንበሮች በሴቶች ተያዙ። መስመሩን ያሰመረ እጅ ውጤቱንም ይጽፋል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

በከተማው በኩልም ተመሳሳይ ነገር አይተናል። በጥቅምት 2022 ሦስት የከተማው ምክር ቤት አባላትና አንድ የሠራተኛ ማኅበራት መሪ ስለ ምርጫ ክልሎች አከላለል በዝግ ቤት ሲመክሩ የተቀዳ ድምፅ ለሕዝብ ወጣ። በምክክሩ ውስጥ የተነገረው የዘር ስድብ ከተማውን አናወጠ፤ የምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት ኑሪ ማርቲኔዝም ሥልጣኗን ለቀቀች። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ስድቡን ነው። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን የንግግሩ ዋና ጉዳይ ነበር፦ የትኛው ሰፈር ለማን ይሰጥ፣ የማን ድምፅ ይበተን የሚለው። ከሁለት ዓመት በኋላ በኅዳር 2024 መራጩ ክልሎቹን የማካለሉን ሥልጣን ከምክር ቤቱ ነጥቆ ለገለልተኛ ኮሚሽን የሚሰጠውን የቻርተር ማሻሻያ በከፍተኛ ድምፅ አጸደቀው።

በዚያው ቀን ስለ አምስቱ ነገሥታትም ተወሰነ። "ሜዠር ጂ" የተባለው የካውንቲ ማሻሻያ ቦርዱን ወደ ዘጠኝ አባላት የሚያሰፋ፣ በሕዝብ የሚመረጥ የካውንቲ ሥራ አስፈጻሚም ከ2028 ጀምሮ እንዲኖር የሚያደርግ ነበር፤ ከግማሽ ጥቂት በለጥ ባለ ድምፅ አለፈ። ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። በ2025 አንድ ጉድ ተሰማ። ካውንቲው በ2020 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀውን፣ ከአካባቢ ገቢው የተወሰነ ድርሻ ለወጣቶች፣ ለመኖሪያ ቤትና ከእስር ሌላ ለሆኑ አማራጮች እንዲውል የሚያስገድደውን "ሜዠር ጄ"ን በቻርተሩ ጽሑፍ ውስጥ ሳያስገባው ቀርቶ ኖሯል። አዲሱ ማሻሻያ ያንን ጉድለት ያለበትን ጽሑፍ ሲተካ፣ ከ2028 ጀምሮ የቀድሞውን የሕዝብ ውሳኔ የሚሽር ሆኖ ተገኘ። ሆን ብሎ ያደረገው የለም። በጊዜው ያነበበውም የለም። የዲሞክራሲ ጠላት ሁልጊዜ ጠመንጃ የያዘ አይደለም፤ አንዳንዴ ማንም ያላነበበው ገጽ ነው።

አለማንበብና አለመምረጥ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማየት ከዚህ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ ወደምትገኘው ትንሿ የቤል ከተማ እንሂድ። ቤል ከ88ቱ አንዷ ናት፤ በ2010 ከ35 ሺህ በላይ ሕዝብ የነበራት፣ አብዛኛው ነዋሪዋ ላቲኖ፣ ብዙው ስደተኛና ሠርቶ አዳሪ የሆነባት ከተማ። በ2005 የካሊፎርኒያ ሕግ የከተማ ምክር ቤት አባላትን ደመወዝ የሚገድብ ድንጋጌ አወጣ። የራሳቸው ቻርተር ያላቸው ከተሞች ግን ከገደቡ ነፃ ነበሩ። የቤል ሹማምንት ታዲያ በዚያው ዓመት ኅዳር ለብቻው በተጠራ ምርጫ "ቻርተር ይኑረን?" የሚል ጥያቄ ለሕዝቡ አቀረቡ። ድምፅ የሰጠው ሰው 400 አይሞላም። ቻርተሩ ጸደቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጠኞች በ2010 ክረምት አጋለጡት። የከተማዋ ሥራ አስኪያጅ ሮበርት ሪዞ በዓመት ወደ 800 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ደመወዝ ይከፈለው ነበር፤ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከሚከፈለው እጥፍ ያህል ማለት ነው። የትርፍ ሰዓት ሥራ ላይ የነበሩት የምክር ቤቱ አባላት አብዛኞቹ ወደ 100 ሺህ ዶላር ያገኙ ነበር። ገንዘቡ ከማን ኪስ እንደሚወጣ መናገር አያስፈልግም። ሕዝቡ እንደተኛ አልቀረም። ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ በመጋቢት 2011ም በድምፁ ምክር ቤቱን ከሥልጣን አወረደ። ሪዞም በ2014 የ12 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በ2005 ከቤት የቀረው ሕዝብና በ2011 የወጣው ሕዝብ ያው አንድ ሕዝብ ነው። በመካከል የጠፋው ገንዘብ የዝምታው ዋጋ ነበር።

ይህን ታሪክ በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ቡና እየጠጣን ለአንድ አባት አጫወትኳቸው። በታክሲ ሥራ ልጆቻቸውን ለዩኒቨርሲቲ ያበቁ፣ ዜግነታቸውን ካገኙ ዓመታት ያስቆጠሩ፣ ግን አንድ ቀን ድምፅ ሰጥተው የማያውቁ ሰው ናቸው። ሲያዳምጡኝ ቆዩና ስኒያቸውን አስቀመጡ።

"አንተ ልጅ፣" አሉኝ፣ "እኔ በ97 ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ወጥቼ ተሰልፌ መርጫለሁ። ምርጫ ምን እንደሆነ ለእኔ አታስተምረኝ።"

"ጋሼ፣ ላስተምርዎ አይደለም፤ እዚህ ግን —"

"እዚህም ሀብታም ነው የሚነግሠው። ያየሁትን አየሁ፤ በቃኝ።"

የእኚህን አባት ቃል ችላ ብዬ ለማለፍ አልደፍርም። በግንቦት 1997 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሕዝብ ታይቶ በማይታወቅ ሰልፍ ወጥቶ ከከተማው ምክር ቤት መቀመጫዎች ከአንዱ በስተቀር ሁሉንም ለቅንጅት ሰጠ። የመረጠው አስተዳደር ግን ሥራ ሳይጀምር ቀረ፤ በ1998 ዓ.ም. ባለአደራ አስተዳደር ተሾመለት። በ2000 ዓ.ም. በተደረገው የአካባቢ ምርጫ ደግሞ በመላ አገሪቱ ከሦስት ሚሊዮን በላይ የወረዳና የቀበሌ መቀመጫ ለውድድር ቀርቦ ገዢው ፓርቲ ሊባል በሚችል ደረጃ ሁሉንም ጠቀለለው። በዚህ ያለፈ ሰው የምርጫ ወረቀት ሲያይ ተስፋ ሳይሆን ጠባሳው ቢያሳክከው አይፈረድበትም። ብዙዎቻችን ከእንቅስቃሴ የቀረነው በስንፍና ብቻ አይደለም። ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ቁስል አለ፤ ሐኪም ዘንድ የማናሳየው።

ስለ ሀብታሙ የተናገሩትም እንዲሁ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ2022 የከንቲባ ምርጫ ባለሀብቱ ሪክ ካሩሶ ለዘመቻው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። የዚያ ምርጫ ውጤት ግን የጋሼን ፍርድ አይደግፍም። ያሸነፈችው በገንዘብ ብዙ እጥፍ የምታንሰው ካረን ባስ ነበረች፤ የከተማው የመጀመሪያዋ ሴት ከንቲባ ሆነች። ገንዘብ ድምፅህን ከአየር ሞገድ ላይ ሊያስጥልህ ይችላል፤ ፖስታውን ከእጅህ ግን አይነጥቅህም።

የሸሪፉንም ወንበር እንመልከት። ሊ ባካ ከ1998 ጀምሮ ደጋግሞ ሲመረጥ የኖረ ሸሪፍ ነበር። በወህኒ ቤቶቹ የተፈጸመው ድብደባ ሲመረመር በ2014 ሥልጣኑን ለቀቀ፤ በ2017ም የፌዴራል ምርመራን በማደናቀፍ ተፈርዶበት ኋላም እስር ቤት ገባ። በ2018 አሌክስ ቪያኑዌቫ በሥልጣን ላይ ያለውን ሸሪፍ አሸነፈ፤ በዚህ ካውንቲ ከመቶ ዓመት በላይ ያልታየ ነገር ነበር። እርሱም ከተቆጣጣሪዎቹ ጋር ሲናቆር አራት ዓመት ከረመና በ2022 በሮበርት ሉና ተሸነፈ። በዚያው ዕለት መራጩ የሱፐርቫይዘሮቹ ቦርድ ጥፋተኛ ሸሪፍን በአራት አምስተኛ ድምፅ እንዲያነሣ ሥልጣን ሰጠው። ይህን ስጽፍ የሸሪፍነቱ ሥራ ጸዳ ማለቴ አይደለም። መሣሪያ የታጠቀ፣ ወህኒ ቤት የያዘ ሹም አንድ ጥይት ሳይተኮስ ወደ ቤቱ ተሸኘ ማለቴ ነው። እኛ ከመጣንበት ታሪክ አንጻር ይህ ትንሽ ነገር ነው?

የቀድሞውን ዘመን ብናይ ደግሞ ይህች ከተማ ራሷ የተለየ ጠባይ ነበራት። ባለሥልጣንን ጊዜው ሳያልቅ በድምፅ ማውረድን በቻርተሯ በማስገባት ከአሜሪካ ከተሞች በ1903 ቀዳሚ ሆነች፤ በሚቀጥለውም ዓመት አንድ የምክር ቤት አባል አወረደችበት። በ1969 ቶም ብራድሊ የተባለው ጥቁር የቀድሞ ፖሊስ፣ የቴክሳስ ጭሰኞች ልጅ፣ ለከንቲባነት ሲወዳደር ከተመዘገበው መራጭ ሦስት አራተኛው ያህል ወጣ። ያኔ ተሸነፈ፤ በ1973 ተመልሶ አሸነፈና 20 ዓመት ገዛ። ከዚያ በኋላ የመራጩ ቁጥር እያሽቆለቆለ ሄዶ በ2013ቱ የከንቲባ ምርጫ ከአራት ሰው አንዱ እንኳ አልመረጠም። በ2015 የከተማው ምርጫ ከግዛቱና ከፌዴራሉ ጋር በአንድ ቀን እንዲሆን ተወሰነ። የሚያስገርመው ይህንኑ የወሰነው ሰው ራሱ ከተመዘገበው ከአሥር አንድ ያህል መሆኑ ነው። ዘዴው የመራጩን ቁጥር ጨምሯል፤ የከተማው ጉዳይ ግን በረጅሙ ወረቀት ግርጌ፣ ዓይን በደከመበት ቦታ ተቀመጠ።

ከዚህ ሁሉ ለእኛ የሚሆነን ምንድን ነው? ፌርፋክስ ላይ "ትንሿ ኢትዮጵያ" የሚለውን ምልክት የተከለልን የከተማው ምክር ቤት ነው፤ በ2002 ነጋዴዎቻችንና ሽማግሌዎቻችን ጠይቀው፣ ተከታትለው፣ አስወስነው። ከሰማይ አልወረደም። የአየር ማረፊያውን የሚመሩት ኮሚሽነሮች በከንቲባው የሚሾሙ ናቸው፤ በ2019 ታክሲና የመተግበሪያ መኪኖች ተሳፋሪ የሚጭኑበት ቦታ ከተርሚናሎቹ ደጃፍ ወጥቶ ለብቻው ሲደረግ የስንቱ ወገናችን የዕለት እንጀራ ጉዳይ እንደነበር የሚያውቅ ያውቃል። በዋሽንግተን ዲሲ ከ2004ቱ የቋንቋ ሕግ ወዲህ አማርኛ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት ከሚሰጡባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆነ። በሎስ አንጀለስ ካውንቲ ግን በ2024ቱ ምርጫ የድምፅ መስጫ ጽሑፎች በአርመንኛ፣ በኮሪያኛ፣ በፋርስኛና በሌሎች በርካታ ቋንቋዎች ሲዘጋጁ አማርኛ ከዝርዝሩ አልነበረም። የሚቆጠር ሕዝብ የሚቆጠረው መጀመሪያ ራሱን ሲያስቆጥር ነው።

ዜግነት ያላገኙ ወገኖችም በር አላቸው። የከተማው የ1999 ቻርተር የሰፈር ምክር ቤቶችን አቋቁሟል። ሥልጣናቸው የማማከር ብቻ ነው፤ ነገር ግን በእነርሱ ምርጫ ለመሳተፍ ዜግነት አይጠየቅም፤ በሰፈሩ መኖር፣ መሥራት ወይም ንብረት መያዝ ይበቃል። እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ፦ ይህ ለሰፈር ምክር ቤት ብቻ ነው። ዜጋ ያልሆነ ሰው በካውንቲው ወይም በፌዴራሉ ምርጫ ቢመዘገብና ድምፅ ቢሰጥ ወንጀል ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዱንም ሊያሳጣው ይችላል። ፎርም ሲሞላ ማንም ቢገፋፋችሁ ሳታነቡ አትፈርሙ።

ጋሼን አላሳመንኳቸውም። ልጃቸው ግን በዚያው ሳምንት ደውላ የዳኞቹን ስም ዝርዝር እንዴት እንደምታጣራ ጠየቀችኝ፤ የጠበቆች ማኅበር የሚያወጣውን የብቃት ምዘና እንድትመለከት ነገርኳት። ለእኔ ይህ ይበቃል። አባቶቻችን ቁስላቸውን ይዘው ይቀመጡ፤ መብታቸው ነው። እኛ ግን በሩቅ ያለውን አገር በሐሳብ ስናስተዳድር በቅርብ ያለውን ለሌላ ሰው ትተንለት እንዳንኖር። በነፃ ምርጫ ለአገር ቤት የምንመኘውን ሁሉ እዚህ ልንለማመደው እንችላለን፤ ሹምን በስሙ ማወቅ፣ በሥራው መመዘን፣ ሳይሳደቡ መሻር። ይህን ያልለመደ ሕዝብ፣ ነፃ ምርጫ አንድ ቀን ቢመጣለትም፣ የቤልን የ2005 ምርጫ ይደግማል።

ቸር እንሰንብት።